ሥጋዬ እዚያ ምን ይበላል?

ላሊበላ ደርሼ መጣሁ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ነው። እውነቱን ለመናገር ቤተ ጊዮርጊስን አላየሁትም። የሄድኩት ለአንዲት ሴት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፤ መልሷን ይዤ ስመለስ ሰባተኛ ቀኔ ነበር። በሆስፒታል አብረውኝ የሚሠሩት ነርሶች «እኛ እንደሁ እዚያ አንደርስ፤ እስቲ ጻፊውና እናንብበው» ስላሉኝ፣ የሆነውን በየቀኑ አስፍሬዋለሁ።

ነገሩን ከመሠረቱ ልጀምር። ሃያ ዓመት ሙሉ ሽንት የሚያመልጣቸውን ሴቶች ሳስታምም ኖሬያለሁ። አብዛኞቹ በረጅም ምጥ የተጎዱ ናቸው። ምጡ ፊኛቸው ላይ የከፈተው ቀዳዳ በቀዶ ጥገና ይደፈናል። አንዳንዶቹ ግን ቀዳዳው ተደፍኖም ሽንት የሚቋጥረው ጡንቻ እንደላላ ይቀራል፤ ሲስሉ ያመልጣቸዋል፣ ብድግ ሲሉ ያመልጣቸዋል፣ እንስራ ሲያነሡ ያመልጣቸዋል። እነሱን «ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም» እያልን ነበር የምንሸኛቸው። ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የውጭ አገር ሐኪም አዲስ ሙከራ ይዞ መጣ። ከሴትየዋ ጭን የጥፍር ያህል ሥጋ ይወሰዳል፤ በበረዶ ሣጥን ወደ ሐኪሙ አገር ይላካል፤ እዚያ የጡንቻዋ ሴሎች በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ስምንት ሳምንት እየበዙ ይቆያሉ፤ ከዚያ ተመልሰው በላላው ጡንቻ ውስጥ በመርፌ ይገባሉ። የራሷ ሥጋ ስለሆነ ሰውነቷ አይገፋውም። ይሠራል ወይ ላለ፣ ለአንዳንዷ ይሠራል፣ ለአንዳንዷ በከፊል፣ ለአንዳንዷ ጭራሽ። ሐኪሙም ከዚህ የበለጠ ቃል አልገባም።

አራት ሴቶች እሺ ብለዋል። አምስተኛዋ ትርንጎ ነበረች። ትርንጎ የላስታ ሰው ናት፤ ከዓመታት በፊት እኛ ዘንድ ታክማ፣ ቀዳዳዋ ተደፍኖ፣ ሳትደርቅ ወደ አገሯ የተመለሰች። ሐኪሙ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ሊሄድ ነው። ስልክ ያለው ወንድሟ ሞላ ነው፤ እሱም የሚሠራለት ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። «ሥጋሽን ቆርጠን ባሕር ማዶ ልንልከው ነው» ደግሞ በስልክ የሚባል ነገር አይደለም። ስለዚህ እኔ ተላክሁ።

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ተነሣን። ሁዳዴ ነው፤ ሦስተኛው ሳምንት። ሾፌሩ ካሴት ሊያስገባ ሲል ከኋላ አንዲት መነኩሴ ሳሉ፤ ሾፌሩ ካሴቱን መልሶ ኪሱ ከተተ። የእኛ የናዝሬት ሾፌር ቢሆን ኖሮ ድምፁን ይጨምር ነበር። እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ ሙቀትና ሜዳ ነው የማውቀው። ጣርማበር ላይ ጉም መንገዱን ሲውጠው ዳዊቴን አወጣሁ። አላነበብኩም፤ መያዙ ግን ረዳኝ።

ደሴ ስንገባ መሽቶ ነበር። ያረፍኩበት ሆቴል ሁለት ብርድ ልብስ ሰጠኝ፤ ሁለቱም ቀጭን ናቸው። ጋቢዬን ጨምሬ ተኛሁ።

ዓርብ

ከወልዲያ በኋላ አስፋልት የለም። ድልብ በሚባለው ዳገት ላይ መንገዱ ወደ ሰማይ ይወጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እኔም ከወልዲያ ስንነሣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ ነበር፤ ጾመኛ መስዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ሲገባኝ።

ዳገቱ መሐል ሽንቴ መጣ። ረዳቱን «ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ አቁሙልን» አልኩት። ሲያቆሙ ወንዶቹ በላይ፣ ሴቶቹ በታች ሄዱ። ቁጥቋጦ እንኳ የለም፤ ገደልና ነፋስ ብቻ። ሌሎቹ ሴቶች ቀሚሳቸውን ዘርግተው ቁጭ ብለው ተነሡ፤ እኔ አልቻልኩም፤ አፈርኩ። ተመልሼ ገባሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መኪናው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ዘለለ፤ እኔም አመለጠኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ «ምንም አይደለም፣ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል» ስል የኖርኩ ሴት ጋቢዬን ጭኔ ላይ ደርቤ፣ ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ሸተተው አልሸተተው እያልኩ ጋሸና እስክንደርስ አልተነፈስኩም። የኔ ቀላል ነገር ነው፤ እነሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚችሉትን እኔ አንድ ከሰዓት ነው የቻልኩት።

ጋሸና የመኪና ማቆሚያና የምግብ ቤት ከተማ ናት፤ ብርዱ አጥንት ይበሳል። ያረፍኩባት ቤት ባለቤት እቴነሽ ትባላለች፤ ወፍራም፣ ነገር የማታበዛ ሴት። ገና ስገባ አየችኝና ወዲያው ጓዳ ገብታ አንድ ጉርድ ቀሚስና የሞቀ ውሃ በባልዲ አመጣች። «ዳገቱ ክፉ ነው» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። የኔን ቀሚስ አጥባ ምድጃው አጠገብ ሰቀለችልኝ። ሽሮዋም እንደ እኛ አገር በርበሬ የበዛበት አይደለም፤ ገብስ ገብስ ይላል፤ ግን በልቼ አልጠገብኩትም።

ቅዳሜ

የላሊበላ ገበያ ቀን ስለሆነ ከጋሸና የተነሣው አይሱዙ ላይ ሰውም ፍየልም እኩል ተሳፈርን። እኔን እናት ናት ብለው ጋቢና አስገቡኝ። ላሊበላ ስንደርስ ሞላ ገበያው አፋፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ቀጭን፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ ሰው።

«ሲስተር እርስዎ ነዎት? እንኳን ደኅና ገቡ። ትርንጎ ሦስት ቀን ቤት ስትጠርግ ነው የሰነበተችው» አለኝ።

የገበያ ተመላሽ የጫነ መኪና ገነተ ማርያም አወረደን፤ ከዚያ በእግር አንድ ሰዓት። «ቅርብ ነው» ብሎኝ ነበር። የላስታ ቅርብ የናዝሬት ሩቅ ነው፤ ይህን ለሚሄድ ሰው አደራ እላለሁ።

ቤታቸው ድንጋይ በድንጋይ ነው። ትርንጎ በር ላይ ቆማ ነበር። የዛሬ ስንት ዓመት የማውቃት ቀጭን ልጅ ሙሉ ሴት ሆናለች። አቀፈችኝና ቶሎ ለቀቀችኝ፤ እንዳልጠጋት። የምትፈትልበት ቦታ አመድ የተነሰነሰበት ቁርበት አለ፤ እሱ ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ጥጥ ትፈትላለች። ድሩን ሞላ ገበያ ይሸጥላታል። ቤቱ ምንም አይሸትም። ልብሷን ሰው ሳይነሣ ወንዝ ወርዳ እንደምታጥብ የነገረኝ እሱ ነው።

ከጓሮ በኩል ድንጋይ የተከመረበት ትንሽ ቦታ አለ። ምን እንደሆነ ሳልጠይቃት «ልጁ ነው» አለችኝ። ሦስት ቀን አምጣ ሞቶ የወጣው። ሳይጠመቅ ስለሞተ ቤተ ክርስቲያን አልተቀበረም። «ባሌ ሲሄድ ይሄን አልወሰደብኝም» አለች፤ እንደ ቀልድ ነው ያለችው፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጣሁበትን ነገር አነሣሁ። ወረቀቱን ከማንበብ ይልቅ በሚገባት ላስረዳ ብዬ ብልጥ ሆንኩ። «እርሾ ታውቂ የለ? ጥቂት እርሾ ዱቄት ውስጥ ሲገባ እየበዛ ቡሖውን ሁሉ ይሞላዋል። ያንቺም ሥጋ እንዲሁ ነው፤ ጥቂት እንወስዳለን፣ እዚያ ይበዛል፣ ይመለስልሻል» አልኳት።

 እንዝርቷን አቆመች።

«እርሾስ ዱቄቱን በልቶ ነው የሚበዛው» አለች። «የኔ ሥጋ እዚያ ምን ይበላል?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አራቱ የአዲስ አበባ ሴቶች ያሳሰባቸው ያማል ወይ የሚለው ነበር። ሴሎቹ የሚያድጉበት ውሃ ውስጥ ከጥጃ ደም የተጣራ ፈሳሽ ይጨመራል፤ ሐኪሙ ራሱ አሳይቶኛል፤ ቀላ ያለ ነገር ነው። አፌ ላይ መጣ፤ ሁዳዴ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ዋጥኩት።

«ስኳርና ጨው ያለበት ውሃ ነው» አልኳት።

«እሰይ» አለች፤ ፊቷ በራ። «ጾም ነው የሚያደርቀኝ እኮ ሲስተር። ሁዳዴ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አልቀምስ። የአዘቦቱ ቅዳሴ ደግሞ ከሰዓት ነው። ያን ጊዜ እስከ ደጃፉ እቀርባለሁ። በፍስኩ ግን ከግንቡ ማዶ ነኝ። እንግዲህ ይኼ ከተሳካልኝ፣ እውስጥ ቆሜ አስቀድሳለሁ።»

ከዚያ ምጥ ወዲህ ባለው አሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ገብታ እንደማታውቅ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እሺ ብላ አደረች። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የመደቡ ጥንካሬ ብቻ ነው ማለት አልችልም።

እሑድ

ዕለቱ መፃጉዕ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የአልጋ ቁራኛ የነበረው ሰው የሚታሰብበት እሑድ። ገነተ ማርያም ከአንድ ዓለት ተፈልፍላ የወጣች ናት፤ ሰው ከዙሪያዋ አፋፍ ላይ ይቆማል። ሴቱ ነጠላውን አጣፍቶ በሴቶች በር ሲገባ፣ ትርንጎ ከአንድ ድንጋይ አጠገብ ቀረች። ድንጋዩ ላይ እጇን የምታሳርፍበት ቦታ ለስልሷል። እኔም አብሬያት ቆምኩ።

ወንጌሉ ሲነበብ ድምፁ ከዓለቱ ውስጥ ተቆራርጦ ነው የሚወጣው። ትርንጎ አፏ ይንቀሳቀሳል፤ በቃሏ ታውቀዋለች። በመጠመቂያው ዳር ተኝቶ፣ ውሃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው ያጣው ያ በሽተኛ ጋ ሲደርሱ ዞር ብላ አየችኝና እጄን ያዘች። ሰው መጣልኝ ማለቷ ነው። እኔ ግን የመጣሁላት ሰው ሆኜ ሳለሁ ገና ከመጀመሪያው ዋሽቻታለሁ። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን አላስታውስም፤ ድልብ ዳገት ላይ እንኳ።

ቅዳሴው ሳያልቅ ነገርኳት። «ትርንጎ፣ ትናንት ሁሉንም አልነገርኩሽም። ስኳርና ጨው አለው። የጥጃ ደምም አለው፤ የተጣራ።»

እጄን ለቀቀች። 

«ሥጋዬ ጾም ሊገድፍ ነዋ» አለች ዓለቱን እያየች። «እኔ እዚህ ስጾም፣ እሱ እዚያ ሲገድፍ። ከዚያ ተመልሶ እኔው ውስጥ ሊገባ። ታዲያ በዚህ ሥጋ ነው እውስጥ የምገባው?»

 ከፋሲካ በኋላ ይሁን እንዳልል ሐኪሙ ዓርብ ይሄዳል። «ይቅርብኝ» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን «የንስሐ አባቴን እንጠይቅ» አለች።

ቄስ ይርዳው ከቅዳሴ ወጥተው ጽድ ሥር ተቀመጡ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሮአቸው ግን እንደ ወጣት ነው። መስቀል ተሳልመን ከሀ እስከ ፐ ነገርናቸው። ይቆጡናል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ዳኛ ይጠይቁኝ ጀመር።

«ይኼ ሥጋ እዚያ ሳለ ሕያው ነው?»

«ሕያው ነው አባቴ።»

«ምግቡን ይመርጣል? ይኼን እበላለሁ፣ ይኼን እተዋለሁ ይላል?»

«አይልም አባቴ። የሰጡትን ነው የሚበላው።»

«ስንት ቀን ነው ዕድሜው?»

«ሲመለስ ስምንት ሳምንት ይሆነዋል።»

ቄስ ይርዳው ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «እንግዲያስ ሕፃን ነዋ» አሉ። «ሕፃን እስከ ሰባት ዓመቱ በጾም አይጠየቅም። እናቱም አትጠየቅበትም። ስምንት ሳምንት ምን አላት፤ ይኼ ገና ጡት የሚጠባ ነው። ይብላ።»

ትርንጎ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። እያለቀሰች እንደሆነ ያወቅሁት ከትከሻዋ ነው። ሕፃን የሚለው ቃል ከጾሙ የበለጠ ሌላ ቦታ እንደነካት ገባኝ።

«ደግሞስ ማን ግቢ አትግቢ አለሽ?» አሏት ቄስ ይርዳው። «ደዌ ነው፣ ኃጢአት አይደለም፤ ግቢ ብዬሽ የለም?»

«አንቱስ ብለውኛል አባቴ። ምንጣፉ ላይ ግን ሌላው ሰው ግንባሩን ይደፋበታል።»

እሳቸውም ጭራቸውን አነሡና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ፣ ትናንት ስኳርና ጨው ብለሻታል አሉ።»

«እሱም እውነት ነው አባቴ። ግማሹን ነው የተውኩት።»

«ግማሽ ጾም አለ?»

«የለም አባቴ።»

«እንግዲያ ግማሽ እውነትም የለም። አርባ ስግደት ትሰግጃለሽ። ዛሬ ሰንበት ነው፤ ከነገ ጀምረሽ።»

ጉልበቴን ያመኛል ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ነውር መሰለኝና ተውኩት።

ሰኞ

ሞላ አንድ ቁና ቆሎና የገብስ ቂጣ ቋጥሮ ሸኘን። ትርንጎ ሦስት ጊዜ የምትቀይረው ጨርቅ ይዛለች፤ ውሃ ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ በአፏ አልዞረም። «እንዲህ ካደረግሽ ሽንትሽ ይብሳል፣ ቆዳሽን ይልጠዋል» እያልኩ ብቆጣትም አልሰማችኝም። የዳገቱን ነገር ስነግራት፣ ጋቢዬንና ረዳቱን ሳይቀር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «አይ ሲስተር! ቁጭ ማለት አቅቶዎት ነው?» እያለች መንገዱን ሙሉ አሾፈችብኝ።

ጋሸና እቴነሽ ቤት አደርን። ጉርድ ቀሚሷን አጥቤ ልመልስላት ስል አየችኝ፣ ትርንጎንም አየች። «ለሷ ትሁን፤ መንገዱ ገና ነው» አለች። አልጋውም ላይ ሳንነግራት ላስቲክ አንጥፋ ነበር። ብዙ ሆቴል አድሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ መስተንግዶ ግን አላየሁም።

ሳንተኛ ስግደቴን ጀመርኩ። ትርንጎ ትቆጥራለች። ሠላሳ ላይ ስደርስ ጉልበቴ እምቢ አለ፤ «ይበቃል፣ አርባ ሆኗል በይኝ» አልኳት።

«ሠላሳ አንድ» አለችኝ።

ማክሰኞና ረቡዕ

ደሴ አድረን አዲስ አበባ ገባን። ትርንጎ ከመስኮቱ ዓይኗን ሳታነሣ ነው የመጣችው። አንድ ጊዜ ብቻ ደብረ ሲና ላይ መቀመጫው ረጠበ፤ ጨርቋን አውጥታ ራሷ አድርቃ፣ ሰው ሳያይ ጨረሰችው። የአሥራ አራት ዓመት ልምድ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ከመንገዱ ውጪ ቢሆንም ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ሐሙስ ጠዋት ሥጋው ከጭኗ ተወሰደ። አይታው «ይቺው ናት?» አለች። በማታውቀው ቋንቋ ለሚናገረው ሐኪም በአማርኛ «አደራ» አለችውና በሣጥኑ ላይ አማተበች። ዓርብ ሐኪሙም ሣጥኑም ሄዱ። እሷም ቁስሏ ሲጠግግ ወደ አገሯ ተመለሰች።

አገሯ ገብታ ሳምንት ሳይሞላት ደብዳቤ መጣ። ሣጥኑ መሐል መንገድ ላይ ሁለት ቀን ቆሞ በረዶው ቀልጧል፤ ሴሎቹ ሞተዋል፤ የአምስቱም። ሐኪሙ ይቅርታ ጠይቆ፣ በመስከረም እመለሳለሁ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ እንደገና እንወስዳለን ብሏል። ሥጋው ምን ተደረገ ብዬ ጻፍኩለት። እንደ ማንኛውም የሕክምና ትራፊ ተቃጥሏል ብሎ መለሰልኝ።

ሞላ ስልኩን ይዞ ጉብታው ላይ ሲወጣ ትርንጎም አብራው ወጣች። ነፋሱ ይሰማኛል። ገና ነው፣ እየበዛ ነው ማለት እችል ነበር፤ ስምንት ሳምንት ማን ይጠይቀኛል? ጉልበቴ ግን እስካሁን ያመኛል። ሁሉንም ነገርኳት።

«ሞተ?» አለች።

«ሞተ፣ ትርንጎ።»

«የት ቀበሩት?»

«አልተቀበረም። ተቃጥሏል።»

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ስሟን ጠራሁ።

«ያኛውስ ከጓሮዬ አለ» አለች፤ ድምፅዋ ሩቅ ነበር። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። ቆይታ «ሐኪሙ መቼ ይመጣል አሉኝ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«መስከረም።»

በጣቷ ስትቆጥር ታየችኝ።

«ጭኔ ሁለት ነው ሲስተር» አለች። «መስከረም ደግሞ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ጾም የለም። ይሄኛው እንደ ልቡ ይብላ።»